የእትዬ አየለች ወንበር አራት እግሮች

ጋሽ ልዑልሰገድ የሠሩት በርጩማ ያልገባበት የአበሻ ቤት አሌክሳንድሪያ ውስጥ የለም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም። ከኤርፖርት ፓርኪንግ ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ አውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ የወደቀ ዛፉን ሊያስጭን ሲጣደፍ፣ እሳቸው መጋዛቸውን ይዘው «አትጣሉት! አትጣሉት!» እያሉ ይሮጣሉ። ግንዱ መቀመጫ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ እግር። ቅርፊቱ እንኳ አይላጥም። ሲያምር ብታዩት!

ችግሩ አንድ ነው። ሁሉም ይነቃነቃል። የእኛ ቤቱ በርጩማ ባንደኛው እግሩ ሥር የታጠፈ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አለው። ጋሽ ልዑልሰገድ ሊጠይቁን ሲመጡ ባለቤቴ በእግሩ ገፋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ምክንያቱም የሠሩት ነገር ተደግፎ ካዩ ቅር ይላቸዋል። «ማስደገፍ ለሰነፍ ነው። እግር የሚስተካከለው በመጋዝ ነው» ይላሉ። ውሃ ልክ ይግዙ ሲባሉም፣ «ዓይኔ ምን ሆነና?»

ይህን ሁሉ በሳቅ ስናልፈው ኖረን፣ ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ የምር ሆነ።

ታላቅ እህታቸው እትዬ አየለች ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የዳሌ ሰርጀሪ ካደረጉ በኋላ መራመዱ በከዘራ ተሳካላቸው፤ ከሶፋቸው መነሣት ግን አቃታቸው። ሶፋው ውጥ ያደርጋቸዋል። እትዬ አየለች ደግሞ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብለው «ኖር!» ሳይሉ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ለሚሆን ሰው እንኳ ይነሣሉ።

«ሰው ደጄን አልፎ ሲገባ እንደ ጆንያ ተዘፍዝፌ ልቀበለው?» አሉና፣ ቀስ በቀስ ሁሉንም «አትምጡ» ማለት ጀመሩ። ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤታቸው ነጃት እንኳ ሾርባዋን በር ላይ አስቀምጣ መመለስ ሆነ ሥራዋ። ከሕክምና ዕቃ መደብር ከፍ ያለ ወንበር ቢመጣላቸው፣ «በሽተኛ አደረጋችሁኝ!» ብለው መለሱት።

«እኔ እሠራላታለሁ» አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ።

እህታቸው ይህን በስልክ ሲሰሙ፣ «አንተ በሠራኸው ላይ ተቀምጬ የቀረውንም ዳሌ ልስበረው?» አሏቸው።

እሳቸው ግን ቆርጠዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄደው የእህታቸውን እግር ከተረከዝ እስከ ጉልበት በሲባጎ ለኩና ቋጠሮ አሰሩበት። መቀመጫው ከዚያ ዝቅ ካለ በራሳቸው መነሣት እንደማይችሉ መራመድ የምታለማምዳቸው ቴራፒስት ተናግራለች። ከወደቀ ኦክ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ሠሩ፤ ለማስተካከያ ይሁን ብለው ከቋጠሮው ሁለት ጣት አስረዘሙት።

ከዚያ ማስተካከሉ መጣ። ጋራዣቸው በግንድ ታጭቆ ባዶ ቦታ ያለው መሀሉ ላይ ብቻ ነው። ወንበሩን እዚያ አቆሙት። እኔ ያዥ ነኝ። ቀጭ፣ ቋ! አለ። የፊት ግራውን እግር በስሱ ከረከሙት። ቀጭ፣ ቋ! የፊት ቀኙን። ቀጭ፣ ቋ! ስስ ክብ ቁራጮች መሬቱን ሞሉት።

«ጋሽዬ፣ ቋጠሮው ጋ እየደረስን ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ቅድምም አንድ ጊዜ ብለዋል።»

«ቅድም ቅድም ነው። ያዢ!»

መቀመጫው ከቋጠሮው ልክ እኩል ሲሆን ወንበሩ ጸጥ አለ። ተቀመጥኩበት፣ ተወዛወዝኩበት፤ ንቅንቅ የለም! ጋሽ ልዑልሰገድ ግንባሬን ሳሙኝ። ቁራጮቹን ለቃቅመው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱና «የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆኗታል» ብለው በፌስታል ቋጠሯቸው። በሚኒቫኔ ጭነን እየሣቅን ሄድን።

እትዬ አየለች ሶፋው ውስጥ ሰጥመው ጠበቁን። ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርንላቸው፤ ወዲያው የውሃ ብርጭቋቸውን አንዷ ላይ አሳረፉ። ወንበሩን ጠፍጣፋው ወለል ላይ አቆምነው። ጋሽ ልዑልሰገድ በኩራት እጃቸውን ጣል አደረጉበት።

ቀጭ፣ ቋ!

«ልዑሌ፣ ይሄ ወንበር ነው ወይስ እስክስታ ወራጅ?»

እሳቸው አልሣቁም። መጋዛቸውን ሲያወጡ እኔ ሲባጎውን ከወንበሩ ጎን ዘረጋሁት። አንዲት ስስ ቁራጭ ብትወርድ ከቋጠሮው በታች ነው። መጋዙን መልሰው ዝቅ አደረጉት።

እትዬ አየለች ወንበሩን ሲያዩት ቆዩና፣ «እስቲ ልጠይቅህ» አሉ። «ጋራዥህን ስታጥብ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«መሀል ወዳለችው ቀዳዳ ነዋ።»

«ወንበሩንስ የት አቁመህ ነው ያስተካከልከው?»

«መሀ...» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ለካ አንደኛው የኋላ እግር ወለሉ ወደ ቀዳዳው ሰርጎድ ያለበት ላይ ቆሞ ኖሯል! ሌሎቹን ስንከረክም እሱ ረዝሞ ቀርቷል።

«እንግዲያው እሱን ልቁረጠው» አሉ።

«አትቁረጥ!» እትዬ አየለች ብርጭቋቸውን አንሥተው ከሥሯ ያለችውን ቁራጭ ዘረጉላቸው። «ይቺን ከጎኑ ላለው የኋላ እግር አድርግለት።»

«ማስደገፍ? እኔ?»

«የገዛ ሥጋው አይደለች እንዴ? መለስክለት እንጂ ምኑን አስደገፍከው?»

ጋሽ ልዑልሰገድ መጋዙን አዩ፣ እህታቸውን አዩ። ከዚያ ወጥተው ድሪላቸውን ከመኪናው ይዘው ተመለሱና ቁራጯን በጠመዝማዛ ሚስማር አጠበቋት። ገፋ አደረጉት። ጸጥ! የኋላ እግሮቹ ረዘም ስላሉ መቀመጫው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። እትዬ አየለችን ደግፈን ከሶፋው አወጣናቸውና ተቀመጡበት። ክንዶቹን ጨበጡ። እጄን ብዘረጋላቸው በዓይናቸው መለሱኝ።

ብድግ!

«ይሄማ ራሱ ተነሺ ተነሺ ነው የሚለኝ!» ብለው እንደቆሙ ስልካቸውን አነሡ። «ነጃት? ሾርባሽን በር ላይ እንዳታስቀምጪ። ግቢ።»

ተቀምጠው ጠበቋት። ነጃት በሩን ስትከፍት ተነሡና «ኖር!» አሏት።

«ኧረ በአላህ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!» ሾርባውን እንደያዘች እንባዋ መጣ።

እኔ እጄን ታጥቤ ስመለስ፣ ከመጣን ጀምሮ እዚያው ስንጎራደድ የቆየሁትን እኔን፣ «ኖር!» ብለው ደግሞ ተነሡልኝ። ጋሽ ልዑልሰገድ ግን ማንንም አላዩም። ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው በስልካቸው መብራት እግሮቹን ይጠብቃሉ። እህታቸው በተነሡና በተቀመጡ ቁጥር ከታች ሆነው ይጮኻሉ፦

«አልተነቃነቀም!»