ከካፖርት ኪስ የወጣ ዜማ

በላውንደሪው ውስጥ ሁሉም «ተኳሿ» ይሏታል። ስሟን አጥተውት አይደለም፤ ካውያ ከጨበጠች ጀምሮ በሌላ የሚጠራት ጠፋ። አዲስ ደንበኛ «ተኳሿን ጥሯት» ሲባል ሰምቶ ክው ካለ፣ አጣቢዋ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ ትልና «አይዞህ ወንድሜ፣ የምትተኩሰው ሸሚዝ ብቻ ነው» ትለዋለች።

ሸሚዝ ስትተኩስ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ኮሌታው ነው፣ እሱም ከውስጥ በኩል። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ የእጅጌው ጫፍ፣ ጀርባው ደግሞ መጨረሻ። በግራ እጇ ከጎድጓዳ ሳህን ውሃ እየጨለፈች ትረጫለች፣ በቀኟ ካውያውን ከኋላ ታስከትላለች። ሁለቱ እጆቿ አይጠባበቁም፣ አይጋጩም። እሷ ስለ ሌላ ነገር እያሰበች እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ።

በላውንደሪው ደንብ ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ የተገኘው ነገር ባለቤቱ እስኪመጣ መደርደሪያው ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ግን አጣቢዋ የአንድ ካፖርት የውስጥ ኪስ አመለጣት። ካፖርቱ ታጥቦ ሲወጣ ገበሩ ላይ ነጭ የወረቀት ሊጥ ተለጥፎ፣ ከኪሱ ውስጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ካሴት ወጣ። ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሙልጭ ብሎ ታጥቧል። አጣቢዋ እየተርበተበተች ለባለቤቱ ብትነግረው ሰውየው ሳቅ ብሎ «ጣይው፣ የኔም አይደለም፣ ካፖርቱን የሰጠኝ ሰው ረስቶት ይሆናል» አላት።

ተኳሿ ለመጣል አንጀቷ አልቻለም። በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሙቁ ቧንቧ አጠገብ አስቀምጣ አደረቀችው። ሲደርቅ ክሩን በእርሳስ አጠንጥና፣ መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ባለችው አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ባላት አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተተችው። መጀመሪያ ሽሽ አለ። ቀጥሎ ጊታር መጣ።

ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፣ ጊታር ብቻ። ቀጭኖቹ ክሮች ልብስ ላይ እንደሚረጭ ውሃ ከላይ ጠብ ጠብ ይላሉ፤ ወፍራሞቹ እንደ ካውያ ቀስ ብለው ከታች ይከተላሉ። ተኳሿ ካውያዋን በቂጡ አቆመችና ዝም ብላ ሰማች። ይህን ሁሉ የሚጫወተው አንድ ሰው መሆኑን አልተጠራጠረችም። ለምን ትጠራጠር? እሷስ ራሷ በአንድ እጇ እየረጨች በሌላው አይደል የምትተኩሰው?

ማታ ባሏ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ነገረችው። ባሏ ዕድሜውን በአውቶቡስ ሾፌርነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ጊታር መማር እፈልጋለሁ።»

«ጊታር? በዚህ ዕድሜሽ?»

«በየትኛው ዕድሜዬ ታዲያ? ያለኝ ይሄ ነው።»

ባሏ ብዙም ሳይቆይ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ጀርባው የተሰነጠቀ ጊታር ገዝቶ መጣ፤ በኮላ ለጥፎ፣ በመቀነት ጠፍሮ አደረቀው። ስንጥቁ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ድምፁን ግን አልጎዳውም።

የጊታር ክር ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ ሽማግሌ አቃኛኘቱን አሳዩዋት። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው የታዘቡት ነገር ነበር።

«ልንገርሽ የኔ ልጅ» አሏት፣ «ጊታር ወዶ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ሁሉም አንድ ዜማ ነው ይዞት የሚመጣው። ያ ዜማ ቤቱ ድረስ ተከትሎት፣ እንቅልፍ ነስቶት፣ መጨረሻ ላይ እዚህ ያደርሰዋል። ያንቺስ ምንድን ነው?»

ተኳሿ አንገቷን ደፍታ የላይኛውን፣ የቀጭኖቹን ክሮች ዜማ ብቻ በለሆሳስ አንጎራጎረችላቸው። ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጥረው ቢያዳምጡም ሊለዩት አልቻሉም። «ካሴቱን ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። እሺ አለች፤ ግን ሰው ማስቸገር እየመሰላት አንድም ቀን አልወሰደችላቸውም።

እንዲህ ሆኖ ብቻዋን ዓመታት ታገለች። ጣቶቿ በእንፋሎት የለሰለሱ ስለነበሩ መጀመሪያ ላይ ቆዳቸው ተላጠ፤ ከዚያ ጠነከረ። የላይኛውን ዜማ ቻለችው። ቀጥሎ በአውራ ጣቷ የታችኛውን ጨመረችበት። ምሳ ሰዓት ላይ ከአንሶላ ክምር ጀርባ ሆና ስትመታ ማሽኖቹን ያጠፉላታል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሳይቀር ምሳ ዕቃውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። መሃል ላይ ያለችው አንዲት ቦታ ብቻ አልገራ አለቻት። እዚያ ጋ ቀጭኖቹ ሽቅብ ይሮጣሉ፣ ወፍራሞቹ በዚያው ቅጽበት ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የሰው እጅ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም። ጥፋቱን ግን ሁልጊዜ ከራሷ ነበር የምትቆጥረው።

ከጊዜ በኋላ የጣቶቿ አንጓ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የልብሷን ቁልፍ ለመቆለፍ እንኳ ትቸገር ነበር። አንድ እሑድ ያቺ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ደርሳ አውራ ጣቷ አልታጠፍ ሲላት ጊታሩን አልጋው ላይ አጋደመችው።

«በቃኝ» አለች። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ልጇ አስተማሪ ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው አንድ ጊታር ብቻ ስለነበር፣ እናትየው «ቅዳሜ መጥተሽ ለልጆቹ ውሰጂላቸው» አለቻት። ባልየው ይህን ሲሰማ ተነስቶ ወጣ። ልጅቷ ደግሞ ከፋትና ካሴቱን ሙዚቃ ቤት ወስዳ በእናቷ ስልክ ላይ አስገለበጠችላት። አዲስ የጆሮ ማዳመጫም ገዛችላት። «መምታቱን ተዪው እሺ፣ መስማቱን ግን አትተዪ» አለቻት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ተኳሿ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ለመክተት ስትታገል አጣቢዋ መጥታ ዘፍ አለች።

«ብቻሽን ልትሰሚ ነው? ነይ አንዷን ወዲህ በያት!»

አንዷን ሰጠቻትና ከፈቱት። ጥቂት እንደሰሙ ተኳሿ ፊቷን አጠቆረች።

«ቆራርጠውታል! ወፍራሙን ክር አጥፍተውታል።»

«የምን ወፍራም ጠፋ? እኔ ጆሮ ውስጥ ወፍራሙ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። የጠፋው ቀጭኑ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀጭንና ወፍራም የምትለዪው?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ ላይ ስትመቺ፣ እንኳን እኔ ማሽኑም ለይቶታል! እንቺ፣ እንቀያየር።»

ተቀያየሩ። እውነትም አሁን ለተኳሿ ወፍራሙ ብቻውን መጣ። ሁለቱንም ተቀብላ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ያቺ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ሲደርስ በግራ በኩል ያለው ጊታር ቅንጣት ታህል ዘገየ፤ የቀኙ ጠበቀው፤ ከዚያ በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት ሰዎች ቦታ ተለቃቅቀው፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ተላለፉ።

«ሁለት ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«ምኖቹ?»

«ሰዎቹ። የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ያቺ ቴፕ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ስላላት ደባልቃ ነው የምታሰማኝ።»

አጣቢዋ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። «ወይ ጉድ! አንቺ ሴትዮ፣ ብቻሽን ለሁለት ሰው ነበር እንዴ ስትዳክሪ የከረምሽው?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። የካሴቱን ጽሑፍ ያጠብሽው አንቺ!»

አጣቢዋ ሳቋን ዋጠች። «ግን እኮ» አለች፣ «ደርሰሽባቸው ነበር። ከዚያች ከመሃሏ በስተቀር ሁለቱንም ብቻሽን ደርሰሽባቸዋል።»

ተኳሿ ሲያደንቋት መግቢያ ነው የሚጠፋት። ተነስታ ካውያዋን ሰካች፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ግን ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነበረ።

ቅዳሜ ልጅቷ የጊታር ከረጢት ይዛ መጣች። እናቷ ጊታሩን ታቅፋ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እማ፣ ከረጢቱን አምጥቻለሁ።»

«ይዘሽው ተመለሺ።»

«እንዴ! ለልጆቹ ነግሬያቸው?»

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄ እምቢ ያለው ለሁለት ሰው ነው። ለአንድ ሰው ገና ይሠራል።» ከዚያ የሆነውን ነገረቻት። በመጨረሻም፣ ላውንደሪው ውስጥ እንኳ ሰው ሲበዛ የአንሶላ ክምር ጀርባ የምትደበቀው ሴትዮ «ትምህርት ቤትሽ ድረስ መጥቼ እመታላቸዋለሁ» አለች። ልጅቷ ይህን ስትሰማ መቆጣቱን ረሳችው።

ባልየው ጥግ ላይ ጫማ ይጠርግ ነበር። «ታዲያ ሁለተኛው ማን ሊሆን ነው?» አለ። ቀና ቢል እናትና ልጅ እሱኑ ያዩታል።

«እኔን አትዩኝ! እኔ ጨብጬ የማውቀው መሪ ነው።»

«ወፍራሙ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አባዬ» አለች ልጅቷ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንደኛ ማርሽ ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ጊታር ተበድራ አመጣች። ባልየው ክፉኛ ተሳደበ፣ ጣቶቹን እፍ እፍ አለ፣ ክሩን የሠራውን ሰው ረገመ፤ ግን አላስቀመጠውም። ሳምንታት አልፈው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመጀመሪያው ተነስተው መሃሏ ድረስ አብረው መጡ። እሷ ሽቅብ ወጣች፤ እጇ ቀለላት። እሱ ቁልቁል ሲወርድ ሌላ ክር ነካ።

«አበላሸሁት?» አለ፣ እጁን ሳያነሳ።

«አበላሸኸው» አለችው፣ ወንበሯን ጠጋ እያደረገች። «ቀጥል።»