የኮሌታ ሰፊዋ ዋጋ

ሰዎች መርፌ ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ስትገባ ስትወጣ ኮሽታ ስለማታሰማ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜዋ አርባን አልፏል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ የስፌት መኪና ነው። እሁድ እሁድ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ይመሻል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሠርታለች። ወር ሲያልቅ የሰጧትን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ከማለት በቀር ጨምሩልኝ ብላ አታውቅም። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ሱቁን ዘጉት። እሷም መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ቤቷ ገባች። የቤት ኪራይ ደግሞ ጨምሯል፤ በድሮው አምስት ሺህ ደመወዝ ክፍሏን ይዛ መቆየት አትችልም።

ሁለት ወር እንደተቀመጠች ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ወሬ አመጣችላት። አንድ ትልቅ ልብስ ስፌት ቤት ኮሌታ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል፤ ደመወዝ በስምምነት።

«በስምምነት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እነሱ ይናገራሉ፣ አንቺ ትስማሚያለሽ ማለት ነው። እንዳታደርጊው! አሥራ አንድ ሺህ በይ።»

«ውይ በሞትኩት! እኔን ብሎ አሥራ አንድ ሺህ?»

«አንቺስ ምን ጎደለሽ? በይ እንለማመድ። እኔ አለቃ ነኝ። እሺ እህቴ፣ ስንት ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎ ያሉትን።»

«ኤዲያ! አንቺ ሴትዮ ጉድጓድሽን በገዛ እጅሽ ነው የምትቆፍሪው። እንደገና!»

አምስት ጊዜ ሞከሩ። አምስቴም ከ«እርስዎ ያሉትን» አላለፈችም። ፀጉር ሠሪዋን ደንበኛ ጠራትና ሄደች። መርፌ ብቻዋን ለግድግዳው ትናገር ጀመር፤ ለግድግዳውም ቢሆን ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል።

በማግስቱ ሄዳ የሙከራ ኮሌታ ሰፋች። ኃላፊው መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ኮሌታውን ገልብጦ አየ፣ ጫፉን በጥፍሩ ፈተነ፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላለም።

«ድሮ ስንት ይከፈልሽ ነበር?»

ይህችን ፀጉር ሠሪዋ አላስጠናቻትም። ውሸት ደግሞ አታውቅበትም። «አምስት ሺህ» አለች።

«እንግዲያው አምስት ተኩል እናድርግልሽ።»

«እሺ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ዓይኗ ጥግ ላይ የተከመረው ጨርቅ ላይ አረፈ። በሱቁ ጊዜ ሽማግሌው ክርክር ስለማይወዱ ለደንበኛ ዋጋ የምትናገረው እሷ ነበረች። ጨርቁን ዳስሳ፣ ድካሙን ገምታ «ይሄ ይህን ያህል ያወጣል» ስትል አንድም ቀን አፍራ አታውቅም። ለሌላ ሰው ኪስ ነበራ!

«ጨርቁን ልየው?» አለች።

ኃላፊው ግራ ገባው። «እይው።»

በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ ይንሸራተታል። በቀን ስንት ኮሌታ ነው?»

«ሠላሳ።»

«መጀመሪያ በእጅ ካልተያያዘ መኪናው ላይ ይሸሻል።» አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች። «ይሄ ሥራ አሥራ አንድ ሺህ ያወጣል።»

የራሷን ዋጋ መናገሯ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቷ ፍም መሰለ። መልሳ ልትውጠው ፈለገች፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም። ዝም አለች። ለእሷ ዝምታ እንግዳ አይደለም፤ አብራው ነው የምትኖረው። ኃላፊውን ግን ሳይከብደው አልቀረም፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ዘጠኝ ተኩል። ከዚያ በላይ እኔም አልችልም።»

«እሺ» አለች፣ አሁን።

ስትመለስ የምትነግረው ሰው አማራት። ፀጉር ሠሪዋ ቤት ብቅ ብትል ሦስት ደንበኞች ተደርድረዋል። «ተሳካ? ጎበዝ የኔ እህት! መጣሁ እሺ» አለቻት፤ እንዳለችው ግን ሳትመጣ ቀረች። መርፌ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሥራ በጀመረች ቀን አጠገቧ እጅጌ የምትሰፋው ሴት ጠጋ ብላ «ስንት አሉሽ?» አለቻት። መርፌ ነገረቻት። የሴትየዋ መኪና ቀጥ አለ። አራት ዓመት ሠርታ ስድስት ሺህ ነው የምታገኘው። ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ክፍሉን ዞረ። ሴቶቹ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲስቁ መርፌ መስኮቱ ጋ ብቻዋን ዳቦዋን በላች። ስታልፍ «ዘጠኝ ተኩሏ መጣች» ይላሉ። ምነው ስድስት ነው ብዬ በዋሸሁ ብላ ተጸጸተች። የክፍሏን ኪራይ ስታስብ ጸጸቱ ይለቃታል፤ ሲስቁ ስትሰማ ደግሞ ይመለሳል።

በአራተኛው ቀን እጅጌ ሰፊዋ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ለኃላፊው መጀመሪያ ምንድን ነው ያልሽው?»

መርፌ እንደሆነው እንደሆነው ነገረቻት።

«ከዚያስ ዝም አልሽ? ዝም ብቻ?»

«ዝም ብቻ።»

ሴትየዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ነገ እኔም ጨምርልኝ ልለው ኃላፊው ዘንድ እገባለሁ። ቢያባርረኝ ግን ልጆቼን የምታበዪልኝ አንቺ ነሽ፣ ሰምተሻል?»

«እሺ» አለች መርፌ። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ሰው ይህን ያህል ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።