ኢርማ ላይነን የነቀለችው ወለል

እኔና ኢርማ ላይነን መንገድ ለያይቶን ፊት ለፊት እየተያየን ነው ያረጀነው። ከሳሎኔ መስኮት የእሷ ኩሽና ይታየኛል። ባሏ ዋይኖ ወንዙ ዳር በነበረው የእንጨት ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ፋብሪካው የእንጨት ፍርፋሪ ከኮላ ጋር እየጨመቀ ቺፑድ ያወጣ ነበር፤ እስኪዘጋ ድረስ የከተማችን ሰው ግማሹ በእሱ ነበር የሚተዳደረው። ዋይኖ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አንዴ የወሰነውን ማንም አይነካበትም። አጥር ቢያጥር፣ መደርደሪያ ቢመታ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይፈታው አድርጎ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ኢርማ ድምጿ የማይሰማ ሴት ነበረች። እኔ እንኳ ለብዙ ዓመት ዓይን አፋር ትመስለኝ ነበር።

ዋይኖ ከሞተ በኋላ አንድ ክረምት የሳህን ማጠቢያ ማሽኗ ቱቦ አፈተለከ። ውሃው ቀስ እያለ ከፕላስቲክ ምንጣፉ ሥር ሲሄድ ከርሞ ኖሮ፣ እሷ ስታውቅ የኩሽናው ወለል አብጦ ሆዱን ነፍቷል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ቺፑድ ነው፤ ቺፑድ ደግሞ ውሃ ከጠጣ እንደራሰ ብስኩት ነው፤ ተመልሶ አይስተካከልም። ጠረጴዛው ይወላገዳል፣ የጓዳው በር አልዘጋም አለ፣ ኢርማም ዳሌዋ ደህና ስላልሆነ ግድግዳ እየያዘች መሄድ ጀመረች።

ልጇ ሩዲ ከሚኖርበት ከቦይሲ ከተማ ድረስ መኪና ነድቶ መጣና ግሌን የሚባለውን ወለል ሠሪ ጠራ። እኔም ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። ግሌን አንዱን ጥግ ገልጦ በመሮ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ወይዘሮ ላይነን፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አላት። «ባለቤትዎ ይሄን ቺፑድ በምስማር ብቻ አይደለም የመታው፣ ከሥር ካለው ጣውላ ጋር በኮላ አጣብቆታል። እነቅላለሁ ያለ ሰው ጣውላውንም ይዞት ነው የሚነሳው። ደግሞ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ነገር አላማረኝም። ሁሉንም ቆርጦ አውጥቶ እንደ አዲስ መሥራት ነው የሚሻለው።»

ይህ እስኪሆን በጋውን ሙሉ ሌላ ቦታ መኖር ይኖርባታል ማለት ነው። ሩዲ ይህን ሲሰማ፣ እንግዲያው ከነምኑ ለምን አንሸጠውም አለ፤ እኛ ቤት ባዶ ክፍል አለ፣ ዶክተሮቹም እዚያ ይሻላሉ፣ ደረጃም የለውም። ግሌን ቤቱ እንዲህ እንዳለ ገዢ ሊያገኝ እንደሚችል ነገረው። ሁለቱ በእሷ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እሷ የሠራችላቸውን ሳንድዊች እየበሉ፣ ስለ እሷ ተነጋገሩ። እሷ ማንም ሳያያት እጇን በፎጣ እያደረቀች ቆማለች።

«ግሌን፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ሳንድዊችህን ጨርስና ሂድ። ሩዲ፣ አንተም ጨርስና ሂድ። የማን ቤት እንደሆነ ትዝ ሲላችሁ ትመለሳላችሁ።»

ሩዲ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሁሉ በቅርብ አይቼዋለሁ። አሮጌ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንዳንዴ ሳንባ የሚገድል አቧራ አለው ስለሚባል፣ መጀመሪያ ቁራጩን ለምርመራ ላከች። ምንም የለበትም የሚል መልስ እንደመጣላት ጋራዡን ከፍታ የዋይኖን ክብ መጋዝ አወጣች። ያን መጋዝ እሱ በሕይወት እያለ ነክታው አታውቅም፤ አያስነካትም ነበር። ስለቱን ከቺፑዱ ውፍረት እንዳያልፍ፣ ከሥር ያለውን ጣውላ እንዳይቆርጥ አድርጋ ዝቅ ከፍ ስታደርገው ቆየች። ከዚያ ጉልበቷ ላይ መከላከያ አሰረች፣ አፍንጫዋን ሸፈነች፣ ተንበረከከች።

ጩኸቱን ሰምቼ መንገዱን ተሻግሬ ስገባ ቤቱ በአቧራ ቡናማ ሆኗል። መጋዙ ምስማር ሲያገኝ ብልጭ ይላል፣ እሷ ግን ፊቷን እንኳ አታዞርም። ወለሉን እንደ ዳማ ገበታ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋ እየቆረጠችው ነበር። ትልቁን ገበታ እንዳለ መንቀል የማይሞከር ነገር ነው፤ ትንሿን ቁራጭ ግን መንቀያውን ብረት ከሥሯ ሰክቶ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ትፈነቀላለች። ውሃ የነካው በአካፋ እንደሚዛቅ አፈር ሆነ። ደረቁ ግን ወዮልን። እላዩ ይነሳና ኮላ በተቀባበት በኩል እንደ ገለባ ተቆርጦ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ በመፋቂያ ብረት ጣት ስፋት ጣት ስፋት እያሉ መላጥ ነው።

እኔም ጓንት አጠለቅኩ። ኢርማ እንዲህ አፍ ያላት ሴት መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ትንሽ ፋታ ልውሰድ ብዬ ሥራ ካቆምኩ፣

«ኖሪን፣ ለጸሎት ነው የተንበረከክሽው ወይስ ለሥራ?» ትለኛለች።

«ለጸሎት ነው። እግዜር ልብ እንዲሰጥሽ።»

«ሰጥቶኛል። ጉልበት ለምኚልኝ።»

ከቀን ወደ ቀን ጣውላው ብቅ አለ። ሰፋፊ፣ ቀይ መልክ ያለው፣ ጠንካራ የጥድ ጣውላ ነበር፤ የኮላው መስመር እንደ ጠባሳ ይታይበታል። እዚያም እዚያም ስንጥር ይዞ ተነስቷል፣ ግን ግሌን እንዳለው አልተበጣጠሰም። ኢርማ ጓንቷን አውልቃ በመዳፏ ትዳብሰው ነበር።

ከዚያ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ደረስን። መንቀያውን ብረት ስትመታው አልቆመም፤ ጣውላውን በስቶ ወደ ታች ወረደ። በስብሷል። ኢርማ ብረቱን ጎትታ አወጣችና ጫፉን አየችው። ወጥታም የጓሮ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ እያካፋ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ሩዲ የመጣው። ቅዳሜ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የተቆለለውን ፍርስራሽ፣ ምድጃው ሳሎን ውስጥ መገተሩን፣ እናቱንም አቧራ ለብሳ ወለል ላይ ተንበርክካ አየ።

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ጤና ነው?» አለ። «ብትወድቂ ማን ያገኝሻል?»

«ኖሪን ታገኘኛለች። ሥራ ፈት ነች።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ያ ጥግ እኮ በስብሷል፣ ሰውዬው ነግሮሽ ነበር። አባዬ ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

ኢርማ መፋቂያውን አስቀመጠች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት፣ ሊደግፋት ቢጠጋ በእጇ ከለከለችው።

«አባትህ ይሄን ቺፑድ ያነጠፈው እኔ አንተን ወልጄ ሆስፒታል ተኝቼ ነው» አለችው። «ጣውላውን እወደው ነበር። እንደዚሁ ቀለም እንቀባው ብዬ ለምኜዋለሁ። አንተን ታቅፌ ስገባ ሁሉም ተሸፍኗል። ቆንጆ ነው አልኩት። ቆንጆ አልነበረም፣ ሩዲ። ስንት ዓመት ዝም እንዳልኩ ማወቅ ከፈለግህ የራስህን ዕድሜ ቁጠር።»

ሩዲ ዓይኑን ወደ ጣውላው ጣለ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«አሁንም አንተ ሳትጠይቀኝ ከቤቴ ልታነሳኝ መጣህ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ልታግዘኝ ከሆነ ጓንት አለ። ካልሆነ ከጣውላዬ ላይ ውረድልኝ።»

ወረደ። መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ተመልሶ ይገባል ብዬ ነበር፣ አልገባም። ለብዙ ሳምንትም አልደወለም። ኢርማ ስልኩን አታይም ነበር ብል ውሸት ነው፤ ታያለች። ግን አየት ታደርገውና ወደ መፋቂያዋ ትመለሳለች።

ለግሌን ራሷ ደወለች። ሲመጣ ቡና ሰጥታው፣ ስለ ጥጉ እውነትህን ነበር፣ ስለ ሌላው ግን ተሳስተሃል አለችው። ግሌን ተንበርክኮ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። በእውነቱ እኔ እንዲህ ላለ ሥራ ትዕግስቱ የለኝም ነበር አለ። የበሰበሰውን ቆርጦ አውጥቶ፣ ጣውላውን የተሸከመውን ወራጅ አጠናክሮ፣ አዲስ ጣውላ ገጠመላት። ከላይ የኮምፔርሳቶ ሽፋን ልምታበት ወይ ብሎ ሲጠይቃት ግን ክፉኛ አፍጥጣ ስላየችው እኔም ደነገጥኩለት፤ ሁለተኛ አልጠየቀም። እሷ እዚያው ቤት ውስጥ እየኖረች፣ ሳሎን ውስጥ እየቀቀለች፣ በአንድ ሳምንት አለቀ።

የቀባችው የወንዙ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚቀቡበት ደማቅ አረንጓዴ ነው። አዲሱ ጣውላ ከአሮጌው ጋር አልገጠመም፣ የኮላው ጠባሳ ከቀለሙ ሥር ያስታውቃል፣ በክፍተቶቹም ከቤቱ ሥር ነፋስ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊያዩ መጥተው አንዷ፣ ደፋር ቀለም ነው አለች፤ ጥሩ ማለቷ አልነበረም። ኢርማ አመሰገነቻት።

ሩዲ የመጣው በኅዳር፣ ለምስጋና በዓል ምሳ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና መሃል ወለሉ ላይ ቆመ። እኔ ድንቹን እየፈጨሁ ነበር። ወደ ታች አየ።

«ይበርዳል» አለ።

«ወፍራም ካልሲ አድርግ» አለችው።

በኋላ ሳህኖቹን ያጠበው እሱ ነው። ሲጨርስ ወደ መኝታ ቤቶቹ በሚወስደው ኮሪደር ላይ አሮጌው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ አየ፤ ከሥሩ የነበረው ቺፑድም ተገልጦ ይታያል። ይሄስ አላት። እሱ በጸደይ ነው የሚነቀለው፣ ከደረስክ ደረስክ፣ ካልደረስክ እኔና ኖሪን እንጨርሰዋለን አለችው። ጎንበስ ብሎ አንዱን ምስማር በጥፍሩ ሞከረው፣ ምስማሩ ንቅንቅ አላለም፣ ደጋግሞ ሞከረው።