ከሸራው ሥር ያየሁት ፊኛ

የምትጠሉት ሰው አጠገብ፣ መውረድ በማይቻልበት ቦታ፣ ለሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? አውቶቡስ ቢሆን በሚቀጥለው ፌርማታ ትወርዳላችሁ። ስብሰባ ቢሆን ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሹልክ ብላችሁ ትወጣላችሁ። የሸራ ጀልባ ላይ ግን ዙሪያው ውሃ ነው። ጉልበቱ ጉልበታችሁን ይነካል፤ የእሱ ሥራ ያለ እናንተ አይሠራም፣ የእናንተም ያለ እሱ። እኔ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ በየቅዳሜው እንዲህ ተቀምጫለሁ።

ሰውየውን ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። በየመን በኩል ተሰደው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ገቡ፣ ዳንደኖንግ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ በከተማው ምዕራብ ዳርቻ ያለ የጀልባ ክለብ አባል ሆነው ሰባት ሜትር የምትረዝም አሮጌ ጀልባ ያዙ። ቀለሟን ራሳቸው ቀቡ፣ ሸራዋን ራሳቸው ጠገኑ። እኔ እዚያው ከተማ፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ካምፕ በሄድኩበት ጊዜ በሸራ መጓዝን ቀምሼ ስለነበር፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን አግኝታቸው «ልጄ ጀልባ ጀልባ ትላለች፣ እባክዎ ያስተምሩልኝ» ብላ አደራ ሰጠችኝ። እሳቸውም አብሯቸው የሚወዳደር ሰው አጥተው ነበር። ለምን እንዳጡ ለማወቅ አንድ ቅዳሜ በቃኝ።

«ገመድ ነው የያዝሽው ወይስ የድመት ጅራት?» ብለው ጀመሩ። ዊንቹ ላይ፣ ማለትም ገመዱ ተጠምጥሞ በሚጠብቅበት ትንሽ ከበሮ ላይ፣ በተቃራኒው ጠምጥሜው ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በሰዓት አቅጣጫ እንደሆነ እንኳ አንብቤ ነበር፣ ግን…»

«አንብቤ ነበር! ነፋሱስ አንብቧል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «መምህርት» ሆነ፤ የሚጠሩኝም አፉ ውስጥ የገባ አሸዋ እንደሚተፋ ሰው ነበር። የውድድር ደንቡን መጽሐፍ ባለቀለም ወረቀት ለጣጥፌበት ይዤ ስመጣ «ዛሬም ቁርአንና ወንጌል ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። ሸራውን ትንሽ ብናላላው ፍጥነት እንደምንጨምር ከነምክንያቱ ስነግራቸው «እኔ ባሕር ላይ ስሠራ እናትሽ አልተወለደችም» አሉኝ።

«እናቴ እኮ በሁለት ዓመት ትበልጥዎታለች።»

«ይኸው! መልስ አታጪም። ገመዱን ግን ታጪዋለሽ።»

የዋህ ተበዳይ መስዬ መቅረብ አልፈልግም። ስህተታቸውን የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፦ ቀኑ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የሠሩት ስህተት፣ መሥራት የነበረባቸው ነገር። በአራት ዓምድ ከፋፍዬ በማስመሪያ አስምሬዋለሁ። አንድ እሑድ ገጹን ፎቶ አንስቼ በቫይበር ላክሁላቸው። የድምፅ መልእክት መለሱልኝ፤ ውስጡ ሳቅ ብቻ ነበር፣ ሃያ ሰከንድ ሙሉ። ያን ሳቅ እስካሁን አልሰረዝኩትም።

ታዲያ ለምን አልተውኩም? ሌላ ጀልባ የሚወስደኝ ስላልነበረ፣ እሳቸውም ሌላ ሰው ስላላገኙ ነው። በተጨማሪም ጋሼ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበረ። ክለቡ ግድግዳ ላይ የአሸናፊዎች ሰሌዳ ተሰቅሏል። የትንንሾቹን ጀልባዎች ውድድር የወቅቱ መጨረሻ ላይ የመራ ሰው ስሙ በናስ ተቀርጾ ይለጠፍበታል። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ተወዳድረው አልተጻፉበትም። ሁልጊዜ ወደ ውሃው ከመውረዳችን በፊት ከሰሌዳው ሥር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ደብተሬ ላይ ልጽፈው ብዬ ተውኩት፤ ስህተት አልነበረም።

በዚያ ዓመት የመጨረሻው ውድድር ላይ ስንደርስ፣ እኛና አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ነጥባችን እኩል ነበር። የቀደመ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስረዳ፤ ያለ እነሱ ቀጥሎ የሆነው አይገባም።

የሸራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ መሄድ ስለማትችል በሰያፍ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለች ትወጣለች። ስትወጣም ነፋሱ ወደሚገፋት ጎን ታጋድላለች። መሪውን የያዘው ሰው ከፍ ባለው ጎን ይቀመጣል። የፊተኛው ሸራ እስከ ወለሉ ስለሚወርድ፣ በዝቅተኛው ጎን ከፊት ያለውን ሁሉ ይጋርድበታል፤ ሌላ ጀልባ ቢመጣ አያይም፣ ሰው ቢዋኝ አያይም። የሚያይለት ሁለተኛው ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው በዝቅተኛው ጎን በሆዱ ተኝቶ፣ ማዕበሉ ፊቱን እያጠበው፣ ከሸራው ሥር አሻግሮ እያየ ይጮሃል። ርቀቱንም በጀልባ ቁመት ይቆጥራል፦ አራት ጀልባ፣ ሦስት ጀልባ፣ ሁለት።

ሌላው ነገር ደንቡ ነው። ውሃው ላይ መልሕቅ የተጣለላቸው ትልልቅ ብርቱካንማ ፊኛዎች አሉ፤ ጀልባዎቹ እነሱን እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። ፊኛ መንካት ክልክል ነው። የነካ ጀልባ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ እዚያው ባለበት አንድ ሙሉ ዙር መዞር አለበት፤ በዚያ መካከል ሌሎቹ ያልፉታል፣ ቅጣቱም እሱው ነው። ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ግን አጠገባችሁ የለም። የነካው ሰው ራሱ አውቆ ራሱን ይቀጣል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማን ይዞራል?» ብለው ሳቁብኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከየብስ የሚመጣው የሰሜን ነፋስ ፊት ይጠብስ ነበር። ከምሳ በኋላ በአንድ ጊዜ ተገለበጠና ከደቡብ ምዕራብ ቀዝቃዛው ገባ። የእኛ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባዋን ደረጃ ላይ እንደሚጎተት ሻንጣ ያንገጫግጫታል። ተነሥተን ጥቂት እንደሄድን በግራ በኩል ውሃው ጠቆር ብሎ አየሁ። የጠቆረ ውሃ ማለት የበረታ ነፋስ ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ብንሄድ ይሻላል። አንደኛ፣ ውሃው ጠቁሯል። ሁለተኛ፣ ሰማያዊዋም ወደዚያው ዞራለች። ሦስተኛ…»

«ዝም በይ!» አሉ። ሌሎቹ ጀልባዎች ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን። «ክፍልሽ ውስጥ አይደለሽም። እስክጠይቅሽ ድረስ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ! ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

በቀኝ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ልክ ነበሩ። በግራ ያየሁት ጥቁረት አልፎ የሚሄድ ነበር፣ የቀኙ ነፋስ ግን ጸንቶ ቆየ። ሰማያዊዋን ሃያ ጀልባ ያህል ጥለናት ወደ ላይኛው ፊኛ ተጠጋን። ልክ መሆናቸው የበለጠ አናደደኝ።

ፊኛው በዝቅተኛው ጎን ነበር፣ በእኔ በኩል። ሆዴ ላይ ተኝቼ ከሸራው ሥር አየሁት። ጋሼ ነፋሱን ከሚገባው በላይ ተጠግተው ስለያዙ ጀልባዋ ፍጥነቷ ቀንሶ ወደ ጎን ትንሸራተት ነበር። ማዕበሉም ይገፋታል። አራት ጀልባ ላይ ሳለን እንደምንነካው አወቅሁ። ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው፦ «እንነካለን፣ ይዙሩ!» ትንሽ ዞረው አንድ ጊዜ ሰያፍ ቢጨምሩ ምንም አንሆንም ነበር።

ሦስት ጀልባ። ጋሼ አልጠየቁኝም። ሁለት ጀልባ። ቆጠራው በልቤ ይሄዳል፣ አፌ ተዘግቷል። ታዛዥ ነኝ፣ አሳዳጊ አልበደለኝም፣ ታላቅ ሰው ዝም በይ ብሎኛል። በሕይወቴ ታዝዤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ጊዜ የለም። አንድ ጀልባ። ከዚያ ፊኛው የጀልባዋን ጎን ከጭኔ ሥር ታክኮ አለፈ፤ እርጥብ ጫማ ሴራሚክ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። በዚያው ቅጽበት ዞርን፤ ሸራዎቹ ተርገበገቡ። ጋሼ ጆሯቸው ከፋብሪካው ጀምሮ ደክሟል፣ አልሰሙም። ከኋላችን ያሉትም ሩቅ ነበሩ።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ሃያ ጀልባ ያህል ቀድመን ስለነበር አንዴ ብንዞር እንኳ ምናልባት እናሸንፍ ነበር። ይህን ስሌት የሠራሁት ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳይሆን እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ ነው። ሠርቼው ዝም አልኩ።

የመጨረሻውን መስመር ስናቋርጥ ጥሩንባ ተነፋልን። ጋሼ መሪውን ለቀው አጨበጨቡ፤ ጀልባዋ ለአፍታ ያለ ነጂ ቀረች። ዳር እንደወጣን ለልጃቸው ደወሉ።

«አሸነፍኩ! ሰሌዳው ላይ ልጻፍ ነው!»

«ኦው፣ ግሬት፣ ዳድ» ስትል በስልኩ ሰማሁ። «ኋላ ልደውል፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ይህም አላስከፋቸውም። ሸራውን ስናጥፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ በስድስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

«አየሽ መምህርት? ዛሬ ያሸነፍነው ዝም ስላልሽ ነው።»

ይህን ባይሉ እናገር ነበር ወይ? አላውቅም። በቅንነት እንዳልተናገርኩ ግን አውቃለሁ። ላቆስላቸው ብዬ ነው የተናገርኩት።

«ዝም ስል ፊኛውን ነካን፣ ጋሼ።»

«የቱን ፊኛ?»

«የላይኛውን። ከአራት ጀልባ ርቀት ጀምሮ እያየሁት ነበር።»

ያጠፉት ሸራ ከእጃቸው ተፈታ። «አይተሽ ነው?»

«አይቼ።»

«ታዲያ ምነው አልጮኽሽም?»

«ዝም በይ አሉኝ። እስክጠይቅሽ አሉኝ። አልጠየቁኝም።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ሸራውን ትተው ወደ ክለቡ ቢሮ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ውጤት የምትመዘግበው ሴትዮ ገና ሲገቡ «ኮንግራጁሌሽንስ!» አለቻቸው።

«ስረዢን» አሉ በእንግሊዝኛ። «የላይኛውን ፊኛ ነክተናል፣ አልዞርንም።»

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። «እርግጠኛ ነህ? ማንም አላመለከተም እኮ። ማን አየ?»

«እኔ» አሉ ጋሼ።

ለእኔ ብለው የዋሹ እንዳይመስላችሁ። ፊኛ የነካ ካፒቴን መባል ይሻላቸዋል፤ ጀልባዋ ላይ የሆነውን የማያውቅ ካፒቴን ከመባል። እኔ የተረዳሁት እንዲያ ነው፤ ሌላ ነገር ነበር ቢሉኝ ያን ጊዜ አላምንም ነበር። ሴትዮዋ መስመር ሰረዘችብን። ሰማያዊዋ ጀልባ አንደኛ ሆነች፣ ሰሌዳው ላይም የባለቤቷ ስም ተጻፈ።

ውጭ ስንወጣ ጋሼ ቆም አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ገፍተሽ ውሃ ውስጥ ብትከቺኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ጎን ዓይኔ አንቺ ነበርሽ እኮ።»

«ዓይን ከሆንኩ ለምን ዝም በይ ይሉኛል?»

«ላይፍ ጃኬቱን አውልቂ» አሉኝ። «የጀልባዋ ነው።»

አወለቅሁት። ሥሩ ያለው ሸሚዜ በላብና በጨው ውሃ ተጣብቆብኝ በዚያ ነፋስ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ፣ ከዚያም ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር በኩል ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እናቴ ልታስታርቀን ሞክራ «ልጅሽ ጎበዝ አስተማሪ ናት፣ እኔን ግን አስተምራኝ ጨርሳለች» ብለው መለሱላት። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። አሁንም ቢሆን ክፉ አለቃ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያይለትን ሰው አፍ የሚዘጋ ካፒቴን ፊኛ ይነካል፣ ወደፊትም ይነካል። ነገር ግን ለዚያ ቀን ደብተሬ ላይ አራት ዓምድ አስምሬ፣ ስህተት በሚለው ሥር የእሳቸውን ልጽፍ ብጀምር፣ መሥራት የነበረባቸው በሚለው ዓምድ ውስጥ የምጽፈው አጣሁ። የማያዩትን ምን ማድረግ ነበረባቸው? ዓምዱ የእኔ ነበር። «መጮህ» ብዬ ሞልቼው ደብተሩን ጣልኩት።

ዘንድሮ ሌላ ጀልባ ላይ ነኝ። ባለቤቷ እኔ ስጮህ ትሳቀቃለች፤ ብትሳቀቅም እጮሃለሁ።

እናንተ ጀልባ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የተቀየማችሁት ሰው፣ አባታችሁም ይሁን ባለቤታችሁ፣ መኪና ወደኋላ ሲያቆም አጠገቡ ቁሙ። አልጠየቀኝም አትበሉ፣ ትናንት ምን እንዳለኝ ብላችሁም አታስቡ። ከኋላው ያለውን ግድግዳ እያያችሁ ሜትሩን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩለት፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሁለት ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ ዝም በሉ ያሰኛችኋል፤ እዚያ ላይ አታቁሙ። እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት።