ምድር ቤት የጠየቁት አባ ደስታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኖሚ ስልክ ላይ አስቀመጠችኝ። ኖሚ የዓሙታው ዳይሬክተር ነበረች። ዓሙታ በእብራይስጥ ለትርፍ የማይሠራ ማኅበር ማለት ነው፤ የእኛው ማኅበር ቤት ለሌላቸውና ኑሮ ለከበዳቸው ቤተሰቦች የኪራይ ቤት ይፈልግ ነበር። ቢሮው ከኔታንያ ከተማ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ በላይ ነው። በበጋ የዓሣና የማጣበቂያ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል።

"ጋዜጣው ላይ ላሉት አከራዮች ደውዪ። ቤቱን ማየት እንፈልጋለን በያቸው" አለችኝ።

እኔ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የመጣሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ ስለመጣሁና አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደግኩ፣ እብራይስጤ እዚሁ እንደተወለደ ሰው ነው። በስልክ የሚሰማኝ ከየት እንደሆንኩ አያውቅም። ያን ቀን ካነጋገርኳቸው አብዛኞቹ "ነይና እዪው" አሉኝ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት አስከትዬ የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳሁ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ ከኋላዬ የቆሙትን አየች። "ውይ፣ አሁን ተያዘ" አለችኝ። የሚቀጥለውም ቤት አሁን ተይዞ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ስመለስ ለኖሚ ነገርኳት። "ትለምጂዋለሽ" አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ።

ለመድኩት አልልም፤ ዘዴ ግን አበጀሁ። በስልክ ገና ሰላም እንዳልኩ "ቤተሰቡ ኢትዮጵያዊ ነው" እል ጀመር። የሚዘጋው ይዘጋል። ቢያንስ ሽማግሌና እርጉዝ አስከትዬ በፀሐይ አልንከራተትም።

የሥራ መጠሪያዬ መጋሼሬት ነበር፤ አገናኝ ማለት ነው። ከላይ ኖሚ፣ ከእሷ በታች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ከዚያ ሾፌሩ፣ ከሁሉ በታች እኔ። ሾፌሩ እንኳ ስብሰባ ይገባል። እኔ የምጠራው የሚተረጎም ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ቤት ማየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስገባ ቀጥታ የምሄደው ፀሐይ ወደማይነካው ግድግዳ ነው። ቁም ሣጥን ካለ ገፋ አድርጌ ጀርባውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። አዲስ ቀለም ሻጋታን ከዓይን ይደብቃል፤ እርጥበቱ ግን እጅ ላይ ይታወቃል። የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያውን ቧንቧ አንድ ላይ እከፍታለሁ። ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ የዚህ ቤት ነው ወይስ የጎረቤት፣ እሱንም እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ደረጃውን ወጥቼ እወርዳለሁ፤ ቤተሰቡ ሽማግሌ ካለው በሽማግሌ እርምጃ።

ትርንጎን ያወቅኋት የካራቫን ሰፈሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ካራቫን የሚሉት እየተጎተተ መጥቶ ሜዳ ላይ የሚተከል ቀላል ቤት ነው። በክረምት ያፈስሳል፣ በበጋ ግድግዳው አያስነካም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ነበረች። እዚህ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ ባሏ ታሞ ሞተ። ልጆቿንና የባሏን አባት፣ አባ ደስታን፣ ይዛ ቀረች። ቴል ሞንድ የሚባል ከተማ አጠገብ አንድ የፍራፍሬ ማሸጊያ ቤት ጽዳት ትሠራለች።

አባ ደስታ በጎንደር ገጠር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ መንገድ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል።

"ምን ዓይነት ቤት ይሻሉ፣ አባ?" አልኳቸው።

"ምድር የረገጠ ይሁን፣ ልጄ። በሩን ከፍቼ ውጭ የምቀመጥበት። ሌላውን ትርንጎ ታውቃለች።"

ትርንጎ ደግሞ "እኛ ብቻ የታጨቅንበት ሰፈር አይሁን" አለች። "ልጆቼ ቋንቋውን ከማን ይማሩ?"

ብዙ ስልክ ከተዘጋብኝ በኋላ ሻውል የሚባሉ ሽማግሌ አገኘሁ። ወደ ክፋር ዮና በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር አንድ ምድር ቤት ነበራቸው። ፊት ለፊቱ ትንሽ ግቢ አለው፤ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ። "ቤተሰቡ ኢትዮጵያዊ ነው" ስላቸው፣ "እኔስ ከየት መጣሁና? ከሊቢያ መጥቼ በድንኳን ነው ያደግኩት። ይዘሻቸው ነይ" አሉኝ።

ግድግዳው ደረቅ ነበር። ውኃው በደንብ ይወርዳል። ትርንጎ ከክፍል ክፍል እየዞረች የልጆቹን አልጋ በዓይኗ ታስቀምጥ ጀመር። አባ ደስታ ወደ ውስጥም አልገቡ፤ የግቢው የብረት በር ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምተው እዚያው ቀሩ። መዶሻ በምልክት ጠየቁ። ሻውል አመጡላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድም ቃል ሳይግባቡ፣ አንዱ በሩን ደግፎ ሌላው ማጠፊያውን እየመታ አስተካከሉት። በሩ ዝም አለ። ሻውል ሳቁና እጃቸውን ጨበጧቸው። "ከቅዳሜ ሰንበት በኋላ ቁልፉን ውሰዱ" አሉኝ።

የሥራ ሳምንቱ በሚጀምርበት እሑድ ጠዋት ቢሮ የመጡት ሻውል አይደሉም፤ ልጃቸው ናት።

"አባቴ አርጅቷል፣ የሚያደርገውን አያውቅም" አለች። "ሰንበት ሙሉ ጎረቤቶቹ ሲመላለሱ ዋሉ። አንድ ከገባ ነገ ሁሉም ይመጣል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም። ግን አብሯቸው የሚኖረው እሱ ነው።"

እንደዚያ የሚያስብ ሰው በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልገጠመኝም። ሁልጊዜ እንደዚያ የሚያስበው ጎረቤት ነው።

"ሽማግሌውን ራሳቸውን ላነጋግር" አልኳት ኖሚን።

"ተይው። ዛሬ አንዱን ብናስገድድ፣ ነገ አከራይ ስልካችንን አያነሳም።"

"ትርንጎስ?"

"አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍት ቤት አለን።"

ቤቱን አውቀዋለሁ። ሊፍት የለውም። ሰፈሩም ሌላ ቦታ የተከለከሉትን ሁሉ ያከማቸንበት ነው።

"ሽማግሌው እንዴት ይወጣሉ? እንዴትስ ይወርዳሉ?"

"ሰገነት አለው። እዚያ ሆነው አየር ይወስዳሉ" አለችኝ።

ከሥራ ስወጣ ለማንም ሳልናገር ሻውል ዘንድ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ። "ቃል ገብቼ እጅ ጨብጫለሁ፣ አውቃለሁ" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስታመም የሚጠይቁኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ምን ላድርግ?" የሎሚ ከረጢት አምጥተው ለቤተሰቡ ስጪልኝ አሉኝ። ስወጣ ከረጢቱን ግቢው በር ላይ አንጠልጥዬው ሄድኩ። በሩ ሲጥ አላለም።

ለነትርንጎ ቤቱ ተይዟል አላልኩም። የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። ትርንጎ ፊቷን አዞረች። አባ ደስታ ግን "ምን አደረግንባቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምንም፣ አባ።"

"እንግዲያማ የምናርመው የለም" አሉ።

ካራቫኑ ሊዘጋ ስለነበር የአራተኛ ፎቁን ቤት ያዙ። ዕቃ ስናወጣ አባ ደስታ በየደረጃው መታጠፊያ እየተቀመጡ ወጡ። ላይ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ መውረድ ብርቅ ሆነባቸው። በመጀመሪያው ሰሞን የማኅበረሰባችን ቄስ ዘንድ ለጸሎት ይወርዱ ነበር። ኋላ ይህንንም ተዉት። የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች የስግድ በዓል ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው አውቶቡስ ጋ ተሰበሰበ። የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመን እናውርድዎት ቢሏቸው "እንደ ጆንያ አልወርድም" አሉ። አውቶቡሱ እስኪሄድ ሰገነቱ ላይ ቆመው አዩት።

ለኖሚ በየጊዜው አስታወስኳት። "ቤት አላቸው እኮ" ትለኛለች። "ቤት የሌላቸው ወረፋ ይዘዋል።" ይህም እውነት ነበር።

አንድ ቀን ከውጭ አገር እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ሊጎበኙን መጡ። ኖሚ የትርንጎን ቤት መረጠች፤ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹም ጨዋ ናቸው። "ቤት ስታገኝ የተሰማትን ትናገር፣ አንቺ ተርጉሚ" አለችኝ። እንግዶቹ እያለከለኩ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። አባ ደስታ ጋቢያቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ትርንጎ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

"ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን" አለች። "ካራቫኑ ያፈስስ ነበር፣ ይህ አያፈስስም። ግን እኛ የጠየቅነው ምድር ቤት ነበር። ተገኝቶም ነበር። ጎረቤት አንፈልጋቸውም አለ፣ ቤት የሚፈልጉልን እነዚህም እሺ አሉ። አማቼ ከዚህ በር አይወጡም። ይህን ቤት የመረጠልን ሰው ስለ ደረጃው አልጠየቀንም። እንደዚህ ብላለች በያቸው፣ አልማዝ። እንዳትቀንሺብኝ።"

አልቀነስኩም። እኔ ወደ እብራይስጥ መለስኩት፤ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ደግሞ ወደ እነሱ ቋንቋ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት ኖሚ ቀደመችው። "ትርጉሙ ትንሽ ጠንከር ብሏል። ማለት የፈለገችው ሕንፃ ላይ መኖር ገና አዲስ ነው፣ እየለመዱት ነው" አለችው። እሱም ያንኑ ተናገረ። እንግዶቹ በማዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲቱ ሴት አባ ደስታ አጠገብ ተንበርክካ እጃቸውን ይዛ ፎቶ ተነሣች። ትርንጎ ወደ እኔ አየች። ያልሽውን ነገሩልሽ ብዬ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ራሴን ወዘወዝኩላት።

መኪና ውስጥ ኖሚ ከፊት ተቀምጣ ሳትዞር ተናገረችኝ።

"ልታለሰልሺው ትችዪ ነበር።"

"ለዚያ አይደለም የቀጠርሽኝ።"

"ለዚያ ነው የቀጠርኩሽ" አለችኝ።

የሥራ ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም። ትርንጎ ሰምታ "በእኔ አፍ ሥራሽን አጣሽ" እያለች አለቀሰች። እኔም አጽናናኋት ለማለት አልደፍርም፤ በጣም ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ እንኳ መለየት አቅቶኝ።

አባ ደስታ በክረምቱ ሞቱ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ በየመታጠፊያው ቃሬዛውን እያቆሙ ነው ያወረዷቸው። ከታች ሆኜ ይህን አየሁ።

ኖሚ ለለቅሶ መጣች። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳውን ያዘች። "ይህ ደረጃ እንዴት ይከብዳል" አለች። ትርንጎ ተነሥታ ውኃ ሰጠቻት። ኖሚ ጠጥታ አለቀሰች፤ የምሯን ነበር። እንባዋ ግን ደረጃውን አላስቀረም፤ ከአባ ደስታ በኋላም እዚያው ሕንፃ ላይ ሌሎች ሽማግሌዎች ወጥተዋል።

እኔ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ማኅበር፣ በዚሁ ሥራ ቀጠልኩ። አዲስ የሚቀጠሩ አገናኞችን የማለማምደው አሁን እኔ ነኝ። ግድግዳ መዳሰሱን አሳያቸዋለሁ። ቧንቧ መክፈቱንም። ከዚያ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ ሰውን ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልግ ጠይቁት፣ ያለውንም ሳትቀንሱ ተርጉሙ። ሥራ ሊያሳጣችሁ ይችላል። ቤቱንም ላያስገኝ ይችላል።