የተቆረጠው ጓጉንቸር

አርሊስ ቶርግሰን ኦሪገን ውስጥ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሃይድሮሊክ ሲጠግን ኖሯል። ሥራው ባጭሩ፣ ግንዱን ወደ መጋዙ የሚገፋው የብረት ክንድ ኮምፒውተሩ ቁም ባለው ቦታ፣ የፀጉር ውፍረት ሳያዛንፍ እንዲቆም ማድረግ ነው። ክንዱን የሚገፋው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የምትለቀውና የምትይዘው ደግሞ ጡጫ የምታህል ቫልቭ። እሷ ከታመመች ኮምፒውተሩ ቢያዝ ማን ይሰማዋል?

ማክሰኞ ጠዋት ታመመች። ክንዱ ከቆመ በኋላ ይንፏቀቅ ጀመር።

«ኮምፒውተሩ ላይ የግፊቱን ቁጥር ከፍ አድርግና እንሥራ» አለው ፎርማኑ ዱዌን ፕሩት። አብረው ነው የተቀጠሩት፤ አንዱ ማሽን ሥር ሲገባ ሌላው ማብሪያው ጋ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ደንቆሮ ላይ ብትጮህበት አንዴ የሰማ ዕለት ደንግጦ ይዘላል። ቫልቯ ትቀየራለች። ሁለት ሰዓት ስጠኝ።»

«አንተ እኮ ከሚስትህ ይልቅ ለቫልቭ ታዝናለህ።»

«ሚስቴ ቁሚ ስትባል ትቆማለች።»

ዘይቱን የሚገፋውን ፓምፕ አጠፋ፤ ስሙ የተጻፈበትን ቀይ ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ቆልፎ መክፈቻውን ኪሱ ከተተና አዲስ ቫልቭ ሊያመጣ ዕቃ ቤት ሄደ። እዚያ ጓጉንቸር የሰው ነፍስ ነው። ከሰቀለው ሰው በቀር የፋብሪካው ጌታም አይነካውም።

ሲመለስ ማሽኑ ሲያጓራ ሰማና ሮጠ። አርሊስ እንደፈራው ክንዱ ዘሎ ግንዱን መጋዝ ነጂዋ ማርና የተቀመጠችበት ክፍል ላይ ወርውሮታል። ማርና ከመስታወቱ ስብርባሪ መሐል ስትወጣ ከቅንድቧ ደም ይወርድ ነበር። ጓጉንቸሩ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወድቋል። የሥራ መዝገቡን ገለጠ፤ የዱዌን እጅ ጽሑፍ ነው፦ «ጓጉንቸሩ እንዲቆረጥ አርሊስ በስልክ ፈቅዷል።»

ማርና ግንባሯን በጨርቅ ይዛ በትከሻው በኩል አነበበችው። «እውነት ፈቅደሃል?» አለችው። መጠየቋ አመመው።

«ምን አደረግሁህ፣ ዱዌን?» አለ አርሊስ ማሽኑ ጋ ወደ ቆመው ፎርማን ዞሮ።

«ምንም። ጌታው ዛሬ ሥራ ከቆመ እኔን እንደሚያባርረኝ ነገረኝ። አንተ ጡረታህ ደርሷል፤ ቢቆጡህ ምን ትሆናለህ?»

ክህደትን ጩቤ አስይዘው የሚያወሩልን ዋሽተውናል። ክህደት ስሌት ነው፤ ወዳጅህ ምን ያህል ቢቆርስህ እንደማትሞት አስልቶ ይቆርስሃል። ከዚያ «ምን ትሆናለህ» ይልሃል፣ እንደ አዛኝ።

አርሊስ ቫልቯን ቀየረ፤ ክንዱን ሞከረው፤ ቁም ባለው ቦታ ቆመ። ከሥሩ ግን የግንዱ ስብርባሪ ተወሽቆ ነበርና ፓምፑን መልሰው አጠፉ። ዱዌን ሊያወጣው ተዘጋጀ፤ የራሱን ጓጉንቸር ሰቀለና እንደ ልማዱ «ማብሪያው ጋ ቁምልኝ፣ ወንድሜ» አለ።

አርሊስ ሄዶ ጓጉንቸሩ የተቆረጠበትን ትልቅ የብረት መቀስ አመጣ። ለዱዌን እግሩ ሥር አኖረለት።

«ይዘኸው ግባ። እኔ ጋ አትተወው።»

ዱዌን መቀሱን አየ፤ አርሊስን አየ። አልገባም።

ማርና ዱዌንን ስታየው ቆየች። ከዚያ ወደ መዝገቡ ሄዳ ያቺን «ፈቅዷል» የምትለዋን መስመር ሰረዘቻት።