አናጢውን ማን ይቆጣልን

ነርሱን ሰው ሁሉ «አይዞህ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ያንን ስም የሚያውቅ አለ ማለት ያስቸግራል። ይሄኛው ስም የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። መርፌ ሲወጋ አይዞህ፣ ፋሻ ሲፈታ አይዞሽ፣ አንሶላ ሲቀይር አይዞን። አንድ ቀን የመድኃኒቱ ጋሪ ጎማው ተጣብቆ ሲንቋቋ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳበስ እያደረገ «አይዞህ፣ ደርሰናል» ሲለው ሰው ሰማ። በቃ፣ ስሙ ጸደቀ።

ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር ይጋጫል፤ ድምፁ ግን ትራስ ስር ተኝቶ የሚናገር ሰው ነው የሚመስለው። ዓይን አፋር ነው። ከሕመምተኛ ሌላ ከሰው ጋር ሲነጋገር እጁን የሚያስቀምጥበት ይጠፋዋል። ሰው ተቆጥቶ አያውቅም። ታናሽ እህቱ «አንተ ቤት ሌባ ቢገባ ዕቃውን ተሸክመህ በር ድረስ ትሸኘዋለህ» ትለዋለች። እሱም ትንሽ ያስብና «ከባድ ዕቃ ከሆነማ...» ይላል።

እንግዲህ አናጢው የመጡት እሱ ወደሚሠራበት ወደ አጥንት ክፍል ነው። መሰላል ላይ ሆነው ጣሪያ ሲጠግኑ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው እንደ ሞረድ የሻከረ። ከሩቅ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ከነሱ ወገን በዚያ ክፍል ሌላ ሰው የለም። በቋንቋ መግባባት አልቸገረም። የቸገረው ሌላ ነገር ነው።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። ሐኪሙ ዳሌያቸው ውስጥ ብረት አስገብቶ ሰፋና፣ ነርሱን ወደ ጎን ጠርቶ «የእኔ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የእሳቸው እግር ነው። ቶሎ ካልቆሙ ሳንባቸው ይታመማል፤ ተኝተው ከወጡ ተኝተው ይቀራሉ» አለው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጥሩ ነበር። ሴት ልጃቸው ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ቀድሞ ይገባል፣ ቁጣዋ ይከተላል።

«አባዬ! አሁንም ተጋድመሃል? ጎረቤቱ ሁሉ እየጠየቀኝ ምን ልበል? አባቴ ፍራሽ እየጠበቀ ነው ልበል? ተነስ፣ ብላ! ጺምህንስ ማን ያበጥርልህ?»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ በክርናቸው ቀና ይላሉ፤ ይበላሉ። ነርሱ ግን ይህን በሰማ ቁጥር ያዝናል። እንዴት ታማሚ አባት እንዲህ ይባላል? ለብዙ ጊዜ ድፍረት ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«እህቴ... አትቀየሚኝና... አባባ ታመዋል እኮ። እዚህ ቤት በለስላሳ ቃል ነው የምንናገረው» አለና በጣቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳያት። በትልልቅ ፊደል «ሕመምተኛን በለስላሳ አንደበት እናስተናግድ» ይላል፤ ከሥሩ አንዲት ሴትዮ ጥርሷን በሙሉ አውጥታ ትስቃለች።

ልጅቷ ጽሑፉን አየች፣ እሱን አየች። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ወንድሜ። የእናንተን ደንብ አላወቅኩም» አለች። እንግዳ ናት፤ ሰው ቤት ጫማ አውልቁ ከተባለ ይወለቃል ብላ ተቀበለች።

በማግስቱ ቀስ ብላ ገባች። «አባዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ዋልክ? ምንም አትቸገር። ዝም ብለህ ተኛ፣ እሺ?»

ነርሱ ከኋላዋ ቆሞ ደስ አለው። የራሱንም ጨመረበት፤ «አይዞዎት አባባ! ምን የመሰለች ልጅ አለችዎት!»

ሽማግሌው እሷን አዩ። እሱን አዩ። እንደገና እሷን አዩ። ከዚያ «ገባኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ የለም፣ መነሳት የለም። ቅዳሜ ወደ ቤቴ ውሰጂኝ፣ በገዛ አልጋዬ ልተኛ አሉ። ሐኪሙ መጥቶ ለመነ፤ እምቢ። «በግድ አላቆማቸውም፤ እስከ ቅዳሜ ካሳመንካቸው አሳምናቸው» ብሎ ለነርሱ ተወለት።

ነርሱ እንግዲህ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ እሱንም ጨመረ። የኔ አባት፣ የኔ ጌታ፣ አንድ ማንኪያ ለእኔ ሲሉ። እሱ አንድ በለሰለሰ ቁጥር እሳቸው ይብስ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ እግሩ በገመድ የተሰቀለ የከባድ መኪና ሾፌር ተኝቷል። ይህን ሁሉ እያየ «አንተ ሰውዬ፣ እኚህን ሽማግሌ በስኳር ልትጨርሳቸው ነው እኮ» አለው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን የምታጸዳዋ ሴትዮ ገባች። «ነጎድጓድ» ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ገና ወልውላ ከመጨረሷ ከሽማግሌው ሳህን ላይ ማንኪያ ወደቀ፤ ሾርባው ተረጨ።

«ኧረ አባባ!» ስትል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «አሁን ነው እኮ የወለወልኩት! እጅ የለዎትም? ይሄን የሚያህል ሰውዬ ማንኪያ መያዝ ይቸግረዋል? እንኩ! ይያዙ! ሁለተኛ ቢጥሉ እርስዎ ነዎት የሚወለውሉት!»

ሽማግሌው ዞር አሉ። ዓይናቸው በራ። ማንኪያውን ተቀበሉና ሾርባውን ጥርግ አድርገው ጠጡት። ዳቦውንም ጨመሩ።

ነርሱ ይህን ከበር ላይ አይቶ በድንጋጤ ነው የበሉት ብሎ አሰበ። ሮጦ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ እሷ ክፉ አይደለችም፣ ባህርይዋ ነው። አይዞዎት...»

ሽማግሌው የያዙትን ዳቦ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አየህ? እንዲበሉ ያደረገችው እሷ፣ እንዲተዉ ያደረግከው አንተ!»

ነርሱ ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷን ኮሪደር ላይ አስቀመጣትና ያየውን ነገራት። እሷ እንባዋ መጣ።

«ወንድሜ፣ በእኛ ዘንድ የሚድን ሰው ይቆጡታል። የሚባበለው የማይድነው ነው። ነገ ለማይኖር ሰው ተቆጥተህ ምን ታገኛለህ? ስለዚህ በደግ ቃል ትሸኘዋለህ። እናቴ ልታርፍ ሰሞን ሰው ሁሉ እንዴት እንደለሰለሰ! ዕድሜዋን ሙሉ በአጥር የተጣላቻት ጎረቤታችን እንኳ መጥታ ‹እህትዬ› አለቻት። እናቴም ‹ይቺም ካለችኝማ አልቆልኛል› አለች።»

ነርሱ ራሱን ያዘ። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደንብ ነው አልከኝ! ደግሞ ሁሉንም እንደዚያ ስታባብል ሳይ፣ እዚህ ቤት የሚድን ሰው የለም እንዴ ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

«በቃ አሁን ግቢና ተቆጪያቸው። እባክሽ።»

«የእኔ አሁን አይሠራም። አንተ ሚስጥሩን ነግረኸኝ የለሰለስኩ ነው የሚመስለው። ዛሬ ብጮህ ለማስመሰል ነው ይላል። የሐኪም ቤቱን እውነት ታውቃለህ ብሎ የሚያምነው አንተን ነው። ራስህ ነህ የምትቆጣው።»

«እኔ?» አለ ነርሱ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ በአልጋው ላይ ተደላደለ። «ይሄማ የእኔ ሙያ ነው! ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሃል? ና፣ ላሰልጥንህ።» ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ደረትህን ንፋ ይለዋል፤ ይነፋል። ዓይንህን አፍጥጥ ይለዋል፤ እንባ ይመጣበታል። «ሰው ስትሰድብ ‹እባክዎ› አይባልም!» ብሎ ሾፌሩ ፊቱን በትራስ ይሸፍናል።

ማምሻው ላይ ነርሱ በሽማግሌው አልጋ አጠገብ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርስዎ... እርስዎ ፍሬን የበጠሱ ሽማግሌ! ዓይንዎ የት ነው ያለው? መንጃ ፈቃድ ማን ነው የሰጠዎት?... ካላስቸገርኩዎት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ።  በሐዘኔታ ዓይን አዩት። «ልጄ፣ አሞሃል?» አሉት።

ልጅቷ ዓርብ ጠዋት ይህን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ኮስተር አለች። «ወንድሜ፣ ይሄ ስድብ ነው። ስድብ ለማንም ይሆናል። ቁጣ ግን ሥራ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ተነስቶ የሚሠራው ከሌለ በምን ትቆጣዋለህ?»

«ምን ይጠብቃቸዋል ታዲያ?»

ልጅቷ ሆዷን ዳበሰች። «የዚህ አልጋ። አባዬ ሲወድቅ ጀምሮት ነበር። እግሩና ወለሉ አልቋል፣ ጎኑ የለም። እንዲያው ሳሎን ተገትሯል።»

ነርሱ ሕመምተኛ ተደግፎ የሚራመድበትን ብረት ይዞ ገባ። ምን እንደሚል አላዘጋጀም፤ ያዘጋጀው ሁሉ ትናንት አልቋል። ልጅቷ ተከትላው ገብታ ቁጭ አለችና ለነገ ጉዞ የአባቷን ሸሚዝ ማጠፍ ጀመረች። እጅጌውን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች። ያኔ ነው ነርሱ ደረቱ ላይ አንድ የማያውቀው ነገር ሲፈላ የተሰማው።

«አባባ!»

ሾፌሩ ከትራሱ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

«ምን ዓይነት ሰው ነዎት? አልጋ ጀምረው ጎኑን ሳይሠሩ መተኛት ምን ይባላል? ልጁ ሊወለድ ነው! ጎን በሌለው አልጋ ላይ ይተኛና ይውደቅ? ዳሌው ይሰበር? ከዚያ አያትና የልጅ ልጅ እዚህ ጎን ለጎን ላስተኛችሁ ነው? አልጋ የለኝም! እንኳን ለሁለት፣ ለአንድም የለኝም!»

ሽማግሌው ከግድግዳው ዞሩ። «ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አሉ፤ ግን ቃላቸው ላላ ብሏል።

«ማን? ያ የሠፈራችሁ አናጢ?» አለ ነርሱ፤ አናጢ መኖሩንም አያውቅም። «በምስማር ቸካክሎ ይጨርሰዋላ!»

«በምስማር?» ሽማግሌው በክርናቸው ቀና አሉ። «የሕፃን አልጋ? በምስማር?»

«በምስማር! ያውም በዛገ!»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨቱን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሜ ስሠራ ኖሬ፣ የልጅ ልጄ ምስማር ላይ ሊተኛ? ያንን ብረት ወዲህ በል!»

ነርሱ ብረቱን አቀረበ፤ ብብታቸውን ደገፈ። «በሉ ይነሱ! ምን ያንቀራፍፍዎታል! ወገብዎን ቀና! እግርዎ የተሰጠዎት ለጌጥ ነው?» ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ፣ ቆሙ። ሾፌሩ እግሩ እንደተሰቀለ አጨበጨበ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በሩ ላይ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። የሰሙት «ለጌጥ ነው?» የሚለውን ነው።

«ምንድን ነው የምሰማው?» አሉ። «አንተ? ከሰው ሁሉ አንተ? አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቃቸው! በጥሩ ቃል!»

ነርሱ ደረቀ። ሲስተር ያዘዙትን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እንኳን የሲስተርን፣ የማንንም። ሽማግሌው ብረቱን እንደጨበጡ አፉን አፉን ያያሉ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። አንዲት ለስላሳ ቃል ከወጣችው ተመልሰው እንደሚተኙ፣ ቅዳሜም ተኝተው እንደሚሄዱ ገባው።

«አልጠይቅም» አለ።

«ምን?»

«አልጠይቅም ሲስተር። ይቅርታ... እ... ማለቴ እርስዎን ነው ይቅርታ፤ እሳቸውን አይደለም። እሳቸውማ ሰነፍ ናቸው! ይቁሙ!»

ልጅቷ ሸሚዙን ጥላ ተነሳችና ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ የሚቆጡት ማን እንደሆነ፣ የሚባበለው ማን እንደሆነ፣ የጎረቤቷንም ‹እህትዬ› ሳታስቀር። ሲስተር እየሰሙ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ወለሉ ላይ የሽማግሌው ሁለት እግሮች ቆመዋል።

ሲስተር ሽማግሌውን አንድም ቃል አልተናገሯቸውም፤ ወደ ነርሱ ዞሩ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሰውየውን አቁመህ ወሬ ትሰማለህ? ጫማ የለም፣ ኮሪደሩ እርጥብ ነው፣ ብረቱ ቁመቱ አልተስተካከለም! ይሄን የመሰለ ነገር ስታውቅ ቀድሞ ለእኔ መንገር ያቅትሃል? አፍህ ለአይዞህ ብቻ ነው የተሰጠህ? ቀጥል! አራምዳቸው!»

ወጥተው ሄዱ። ጫማቸው ኮሪደሩን ሙሉ ሲያስተጋባ ይሰማል። ነርሱ ጆሮው እስኪቀላ አቀርቅሮ ለሽማግሌው ጫማ አጠለቀላቸው።

ሽማግሌው ወደሱ ጎንበስ አሉ፤ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ መቅናትም እያደረጋቸው፦

«ታድለህ» አሉት። «እኚህ ሴትዮ እያሉልህ አንተ የት ትሞታለህ!»